ሣጥኗ ጋ ወራጅ አለ

ሰርክአዲስ ስልክ ስትጠግን ባለቤቱን አታሰናብትም። ሌሎቹ ጠጋኞች «ማታ ናና ውሰድ» ይላሉ፤ እሷ በርጩማ ትስባለች።

«ተቀመጥና እይ» ትላለች። «ሆዱ ሲከፈት ያላየኸው ዕቃ ያንተ አይደለም። አንተ ተሸካሚው ነህ።»

አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቀየማል። የቸኮለ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ ሞተሩን ሳያጠፋ በሩ ላይ ቆሞ ይነዛነዛል። እሷ ካቻቢቴዋን አስቀምጣ፣ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ዞሮ ዞሮ ሁሉም ይቀመጣል።

ክፍሏ እንጅባራ ውስጥ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለች፣ የእናቷ ቤት የመንገድ በኩል ክፍል ናት። በአንድ ወገን የጥገና ጠረጴዛ፣ በሌላው ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት የጌም ማጫወቻ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ጎኑ ክዳን የሌለው አሮጌ ዴስክቶፕ አለ። ዴስክቶፑን «ሽማግሌው» ትለዋለች። የእንጅባራ ጭጋግ በር ሳያንኳኳ ስለሚገባ፣ ስትዘጋ ያረጀ ጋቢ ታለብሰዋለች። ቤተ ዘመድ «ይኼን ቆርቆሮ ለምን አትጥይውም?» ሲላት መልሷ አንድ ነው፤ «እናንተን ጋቢ የሚያለብሳችሁ ሰው ሲመጣ እሱን ያኔ እጥለዋለሁ።»

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነጥብ ያልመጣላት ጊዜ ሰው ሁሉ ምክር አዋጣ። አንዱ ፀጉር ቤት ክፈቺ አለ፣ አንዱ ባል አግኝቼልሻለሁ አለ። እሷ ግን የተበላሹ ስልኮች እየለቀመች፣ አንዱን ገድላ ሌላውን እያዳነች፣ እዚህ ደረሰች። አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ጌም ያላትን ሐሳብ ደግሞ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች።

አዲስ ስልክ አታከብርም። «አራት ዓይን ያለው ካሜራ ተሸክመህ የምታደርገው ሚስድ ኮል ነው» ትላለች። ባትሪው በሙጫ የተጣበቀ ስልክ ሲመጣላት ሠሪዎቹን እንደ ጎረቤት ትረግማለች፤ እንዳይከፈት አድርጎ የሠራው ሰው እንዳትማር የፈለገ ሰው ነው ብላ ታምናለች። ገንዘብ የከፈለ የሚያሸንፍበትን ጌም አትጭንም፤ «ያ ጨዋታ አይደለም፣ ጉቦ ነው።» ያለ ኔትወርክ አልከፈትም የሚለውንም አትወድም፤ «እሱ ጌም አይደለም፣ ኬላ ነው» ትላለች። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት የከተማው ውድ ውድ ስልክ ሁሉ እንደ መስታወት ፊት ማያ ብቻ ሆኖ ሲቀር፣ የእሷ ዲስኮችና ሽማግሌው አንድ ቀን ሥራ አልፈቱም። ይህን አትረሳም፤ ሰውም እንዲረሳ አትፈቅድም።

ጌም ትውልድ አበላሸ የሚላት ሰው ካለ ደግሞ ለጠብ ትነሣለች። «ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ገበጣ ሲጫወቱ ሲውሉ ማን ሥራ ፈት አላቸው? ጠጠሩ ስክሪን ውስጥ ሲገባ ነው ኃጢአት የሚሆነው?» በእሷ ቤት መሳደብ ክልክል ነው። የተሸነፈ ጆይስቲኩን በሁለት እጁ አቅርቦ «ይባርክልህ» ብሎ ይነሣል። ተናዶ የሰበረ ራሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ይጠግነዋል። «ሽንፈትን እንዲህ አሳምሮ የሚያስተምር ሌላ ቤት ካለ አሳዩኝ» ትላለች።

ከሐሳቦቿ ሁሉ ግን አንዱ በአንዲት ፊደል ላይ ነው።

አገውኛ ራሱን በራሱ ሲጠራ «አውጚ» ነው። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ጚ» ከጉሮሮ ተነሥታ በአፍንጫ የምትወጣ ድምፅ ናት፤ አማርኛ ድምፁ ስለሌለው በተለመደው የፊደል ገበታ ላይ አትገኝም። ብዙ ስልኮችም፣ ውድ ውዶቹ ሳይቀሩ፣ አያውቋትም፤ በቦታዋ ባዶ ሣጥን ይተክላሉ። አንድ ጊዜ እናቷ ወይዘሮ እንቁ፣ ከልጆቿ መጽሐፍ ማንበብ የለመደች ሴት፣ ከትውልድ ቀዬዋ ከጥርባ በኩል በአገውኛ የተጻፈ የሠርግ ጥሪ በስልክ ደረሳት።

«ሰርኬ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ሣጥን ናት፣ እማ።»

«ውስጧ ምን አለ?»

ሰርክአዲስ ስልኩን ተቀብላ አገላበጠችው። ያን ቀን አንድ ነገር በውስጧ ተቆጣ። የሰው ቋንቋ ስሙን ሲጽፍ ባዶ ሣጥን ይሁን ያለው ማነው? ፈልጋ ፈልጋ ፊደሏን አገኘች፤ በእናቷ ስልክ ላይ ጫነቻት። ከዚያ ወዲህ በእጇ ያለፈ ስልክ ሁሉ፣ ለተሰበረ መስታወትም ይምጣ ለቻርጀር ቀዳዳ፣ ያቺን ፊደል ሳይዝ አይወጣም። ባለቤቱ ተቀምጦ እያየ ስለሆነ ትነግረዋለች እንጂ ፈቃድ አትጠይቅም። ዋጋም የለውም።

በከተማው ፊደሏን ያልያዘ አንድ የታወቀ ስልክ ነበር፤ የታላቅ ወንድሟ የአድማሴ።

አድማሴ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል እየሰበሰበ ለጭነት መኪኖች የሚያቀብል ነጋዴ ነው። ስልኩን ከባሕር ዳር ባመጣው ቀን ሰርክአዲስ እጇን ስትዘረጋ ወደ ደረቱ ሸሸገው።

«አትንኪብኝ! ገና ላስቲኩ አልተላጠም።»

«አያ፣ ፊደሏን ብቻ…»

«አዲስ ዕቃ ነው አልኩሽ፤ ምንም አልጎደለውም። ያንቺን ቆርቆሮ አስታሚ።»

የዘንድሮ ዝናብ አልቆም ሲል ግን አድማሴ ዓይኑን ክፍሏ ላይ ጣለ። ከሰሉ ደረቅ መጠለያ ይፈልጋል፤ ክፍሏ ደረቅ ናት፤ መንገድ ዳርም ናት።

«ከሰል ዝናብ ከነካው አበቃ» አላት።

«ኮምፒውተርም ከሰል ከነካው አበቃ።»

«እኔ የምሠራው ሥራ ነው። አንቺ ጨዋታ ታጫውቻለሽ።»

«አንተ ጥቁር ነገር ትሸጣለህ፣ እኔ የጨለመ ስክሪን አበራለሁ። ከክፍሌ አልወጣም።»

ነገሩ ሲከር ክፍሉም ቤቱም የእናታቸው ነውና ወይዘሮ እንቁ ቀን ቆረጠች፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንድሟን አቶ ወገኔን ይዛ ሁለቱንም ልትሰማ፣ ከዚያም ክፍሉ ለማን እንደሚሆን ልትወስን።

ቅዳሜ ሰርክአዲስ መለዋወጫ ፍለጋ ዳንግላ ወርዳ ነበር። ስትመለስ ከመናኸሪያው ያመጣት የባጃጅ ሹፌሩ አበረ ነው፤ በቴሌቪዥኑ ኳስ የሚሸነፍ፣ «ይባርክልህ» ማለት ግን የሚተናነቀው ደንበኛዋ። በሯ ጋ ሲደርስ ፍሬን ያዘ።

«ሰርኬ፣ ንግድ ቀየርሽ እንዴ?»

ከበሯ በላይ አዲስ ቦርድ ተሰቅሏል። ላይኛው መስመር በአማርኛ «አድማሴ ከሰል ማከፋፈያ» ይላል። ሥሩ ያው በአገውኛ። እሑድን ሳይጠብቅ፣ እሷ በሌለችበት! ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ወርዳ ልትገነጥለው እጇን ስታነሣ ግን ሁለተኛውን መስመር አነበበችና ቆመች። «ጚ» መኖር ባለባት በሁለቱም ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ሣጥን ተስሏል። ሠዓሊው ተጠብቦበታል፤ በአንድ ጎኑ ጥላ ሰጥቶታል።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለ አበረ። «መስኮት ነው?»

ሰርክአዲስ ሳቋ መጣ። የባጃጁን በር ይዛ እስኪያማት ሳቀች።

«ላውርደው?» አላት።

«እንዳትነካው! ነገ እንግዶች አሉን። ያንብቡት።»

እሑድ አቶ ወገኔ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ከበሩ ፊት ቆመው አንገታቸውን ወደ ላይ አንጋጠጡ። የመጀመሪያውን መስመር ጮኽ ብለው አነበቡ። ሁለተኛው ላይ ደረሱ፤ ጀመሩ፤ ተደናቀፉ፤ እንደገና ጀመሩ።

«አድማሴ፣ ይቺን በአፍ እንዴት ነው የምትላት?»

አድማሴ ቦርዱን ገና ያኔ አስተዋለው። «ሠዓሊው ነው!» አለ። «ልክ አድርጌ ሰጥቼው፣ ያ ሰካራም!»

«ከምን ላይ ነው የሰጠኸው?» አለች ሰርክአዲስ።

«የቀበሌው ልጅ ጽፎ በስልኬ ላከልኝ። ስልኬን አሳየሁት፣ አይቶ ገለበጠ።»

«እስቲ አሳየን።»

አድማሴ እያመነታ ስልኩን አወጣ። መልእክቱ እዚያው ነበረ፤ ከነሁለት ሣጥኑ። ሠዓሊው አልሰከረም፣ ያየውን ነው የሣለው፤ ጥላዋ ብቻ የራሱ ናት።

«ለኔ ላከው» አሉ አቶ ወገኔ። ከካፖርታቸው ኪስ ጠርዙ የተላጠ፣ ጀርባው በጎማ የታሰረ ስልክ አወጡ። አምና ሰርክአዲስ ፊት ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ያስጠገኑት ነው። መልእክቱ ሲገባ መነጽራቸውን አስተካክለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይደናቀፉ አነበቡት፤ «ጚ»ዋን በአፍንጫቸው እስኪበቃት አስረዘሟት።

«የኔው አሮጌ ያነባል» አሉ።

«ጋሼ፣ ነገሩ የፊደል አይደለም» አለ አድማሴ፣ አንገቱ ቀልቶ። «የክፍሉ ነው። ጠዋት ማታ የፈረንጅ ጨዋታ ታስጮሃለች፤ ወጣቱ ሁሉ ከዚህ ቤት ቋንቋውን ረስቶ…»

«ቋንቋውን ረስቶ?» አለች ሰርክአዲስ። «አያ፣ ባጃጆቹን አስቁምና ስልካቸውን እይ። ፊደሏን ያገኙት እዚህ በርጩማ ላይ ጆይስቲክ ሲጠብቁ ነው። ቋንቋውን በሣጥን አሽጎ በር ላይ የሰቀለው ማነው?» ከዚያ ወደ አጎቷ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎም ይስሙኝ፤ እማ፣ አንቺም። ጌም አጫውታለሁ፤ አላፍርበትም። ክፍሉን ለሱ ከሰጣችሁ ሽማግሌውን ተሸክሜ መንገድ ላይ ዣንጥላ ሥር እሠራለሁ እንጂ ከከሰል ጋር ግማሽ አልካፈልም። ግማሽ ብሎ ነገር የለም፤ አቧራው ግማሽ አያውቅም።»

ወይዘሮ እንቁ እስከዚያ ድረስ ቦርዱን ነበር የምታየው።

«አድማሴ» አለች።

«አቤት እማ።»

«ስልክህን ለእህትህ ስጣት። እዚህ ቁጭ በልና ታስተካክልልህ። ከዚያ በኋላ ስለ ክፍሉ እሰማሃለሁ።»

ቀላል ነገር ነበር የጠየቀችው። አድማሴ ስልኩን አየ፤ በርጩማውን አየ፤ ከመንገዱ ማዶ ባጃጁ ላይ ተደግፎ ጥርሱን የሚያሳየውን አበረን አየ። ከዚያ መሰላል አምጥቶ ቦርዱን በገዛ እጁ አወረደና በብብቱ ይዞት ሄደ። ላስቲክ ያልተላጠለትን ስልክ ከመስጠት ክፍሉን መተው ቀለለው። ወይዘሮ እንቁም ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «እንግዲህ መልስ ሰጥቷል» አለች። በዚያው አበቃ።

አድማሴ በወዲያኛው የከተማው ጫፍ፣ በጫግኒ መውጫ፣ መጋዘን ያዘ። ቦርዱንም እንዳለ ሰቀለው፤ ማሳረም ለእህቱ መንበርከክ መሰለው። ከተማው ግን ስም ለማውጣት ፈቃድ አይጠይቅም። ሳምንት ሳይሞላ ተሳፋሪው ሁሉ «ሣጥኗ ጋ ወራጅ አለ!» ማለት ጀመረ። ከሰል ፈላጊው «ሣጥኗ ጋ አድርሰኝ» ይላል። አበረ በየዙሩ እየመጣ ለሰርክአዲስ ያወራላታል፤ እሷ ግን ሰው እንዳሰበው አልሳቀችም። ንዴቷ ነው የጨመረው። ባዶዋ ሣጥን የሰፈር ስም ሆና ልትቀር ነው።

ከወር በኋላ አበረ አንድ ስልክ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«የአክስቴ ልጅ ስልክ ነው። ያቺን ፊደል ጫኚለት።»

ሰርክአዲስ ገልበጥ አድርጋ አራቱን የካሜራ ዓይኖች አየች። አንደኛው ጠርዝ ላይ የከሰል አሻራ አለ።

«ለአክስትህ ልጅ ንገረው፤ እዚህ ቤት ስልክ የሚሠራው ባለቤቱ ተቀምጦ እያየ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ሰው እኮ ያፍራል።»

«ሲያፍር ይምጣ።»

አድማሴ መጣ። ሰላምታ ሳይሰጥ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ሥር የነበሩት ተጫዋቾች ድምፃቸውን ቀነሱ። ሰርክአዲስ እያሳየችው ሠራች፤ ይህን ተጫን፣ ይህን ምረጥ፣ እዚህ ፍቀድ እያለች። ሲያልቅ ስልኩን አዙራ ሰጠችው።

«ጻፋት።»

በወፍራም አውራ ጣቱ ጫን አደረገ። «ጚ» ወጣች። ትንሽ አያት።

«ይህቺው ናት?»

«ይህቺው ናት። አሁን ቦርዱን አሳርመው።»

አድማሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ቦርዱ ይቆይ። ገበያተኛው ሁሉ በሣጥኗ ነው የሚያውቀኝ። ንግድ ነው እኮ።»

ሰርክአዲስ ስልኩን ከእጁ መንጭቃ ወሰደች፤ መሳቢያዋ ውስጥ ከትታ ቆለፈችው።

«ምን ሆነሻል? ዕቃዬን ልትይዢ?»

«ክፍሌን ልትይዝ አልነበር? ቦርዱ ታርሞ ሲሰቀል ስልክህን ትወስዳለህ።»

«ሰርኬ፣ አዲስ ስልክ ነው!»

«ላስቲኩ ተላጧል» አለችው።

አበረ ከወዲያ ጆይስቲኩን በሁለት እጁ ይዞ ብድግ አለና ወደ አድማሴ አቀረበለት። «አያ አድማሴ፣ እዚህ ቤት ሲሸነፉ እንዲህ ነው። ይባርክልሽ ይበሉና ይነሡ።»

አድማሴ ጆይስቲኩን ገፍቶ፣ «ይባርክልሽ»ንም ሳይል፣ እየተነጫነጨ ወጣ። ሰርክአዲስ በበሩ አጮልቃ አየችው። ወደ መጋዘኑ አልታጠፈም፤ ሠዓሊው ወዳለበት ሰፈር ነበር ያቀናው።