ተሸሽገን የምናጥበው

እህቴ ዘይነብ ዛሬ የስልኬን ስክሪን በጣቷ ነካ አድርጋ «ይሄ ነገር ያመዋል?» አለችኝ።

ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ነበር። ስልኬ ላይ የከፈትኩት ቪዲዮ የሚያሳየው ላብራቶሪ ውስጥ ከሴል ያደገ የማህፀን ግድግዳ ናሙና ነው። ከጤፍ ያንሳል፤ በማጉያ ሲታይ ግን እንደ ዓሣ እንቁላል ክብ ክብ ይላል።

ዘይነብ ሳዑዲ እያለችም የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር እየታመመች ነው የሠራችው። በቅርቡ ደሴ ያያት ሐኪም «ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው» አላት። የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል ማለት ነው።

ጎረቤቶቻችን ግን «ስትወልጂ ይለቅሻል» ይሏታል። ባል ከየት እንደምታመጣ ግን የነገራት የለም።

ቪዲዮው ላይ ላለው ናሙና የሚሆነውን ሴል ከወር አበባ ደም ጭምር ማግኘት እንደሚቻል ሳነብላት ቀና አለች።

«እኛ ሰው እንዳያይብን ተሸሽገን የምናጥበውን?»

አዎ፣ እሱኑ። ተመራማሪዎች ከዚያ ያገኙትን ሴል በጥንቃቄ ያሳድጉታል፤ ሆርሞን ሲሰጡት ልክ እንደኛ ማህፀን ይለዋወጣል። ሱብሃነላህ፣ እኔ ራሴ ደጋግሜ ነው ያየሁት። በሽታውን የሚፈውስ መድኃኒት ገና አልተገኘም፤ ሲገኝ ግን መጀመሪያ የሚሞከረው እንዲህ ያለው ላይ ነው።

«አብሽሪ፣ ነርቭ የለውም፤ አያመውም» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «እንግዲያ የፈለጉትን እሱ ላይ ይሞክሩ። እኔ የታመምኩት ይበቃል።»

እናንተ ቤትስ «ስትወልጂ ይለቅሻል» የተባለች አለች? ሳታፍሩ ጻፉልን። ስልኩ አሁንም ዘይነብ እጅ ነው፤ የምታነበው እሷ ናት።