የሚሊሜትር ግራ ዓይን

ሚሊሜትር ያሉት በከንቱ አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት ቶርኖ ማሽን ላይ ቆሞ ብረት ሲቀርጽ፣ መለኪያ ሳያነሳ «ግማሽ ሚሊ ይቀረዋል» ካለ ይቀረዋል፤ አለቃው እንኳ መከራከር ትቶ ነበር። ጉድ የሠራውም ይኸው ኩራቱ ነው። መከላከያ መነጽሩን «ብረቱን ያደበዝዝብኛል» እያለ ግንባሩ ላይ ሰቅሎት ይውላል። ምስጋና ለመነጽሩ፣ ግንባሩን ጭረት እንኳ አልነካውም። አንድ ማክሰኞ ጧት የተፈናጠረው የብረት ስባሪ የገባው ግራ ዓይኑ ውስጥ ነው።

ሐኪሟ በዚያው ቀን የተቀደደውን ሰፋች። በሳምንቱ ደግሞ ስባሪውን አወጣች፤ ከዓይኑ የኋላ ግድግዳ ተላቅቆ የነበረውን፣ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋንም ወደ ቦታው መለሰች። ይያዝ አይያዝ እንደማታውቅ አልደበቀችውም።

«ጥላ እንደ መጋረጃ ከመጣብዎት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይምጡ» አለችው።

ቀጠሮው ከወር በኋላ ነበር። አለቃውም እስከዚያ ማሽኑን ለሌላ ላለመስጠት ቃል ገባ። ከዚያ በላይ አልጠብቅም አለ፤ በአንድ ዓይን ርቀት ለመገመት ያስቸግራል፣ ቶርኖ ደግሞ እጅ ይበላል።

ሚስቱ ጧት ጧት ጠብታውን ታደርግለትና ራቅ ብላ ትቆማለች። እሱ ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍናል፣ እሷ ጣቶቿን አንስታ ስንት እንደሆኑ ትጠይቃለች። ሳምንት ሙሉ ከደብዛዛ ብርሃን በቀር ያየው የለም። በስምንተኛው ቀን ፊቷ ጥቁርቁር ብሎ ቢያየው አንጀቱ አልችል አለ፤ መዳፉን ላላ አደረገና በደህናው ዓይኑ በጣቶቹ መሃል አጮለቀ። «ሦስት» አለ። ጮቤ ረገጠች። ከዚያ በኋላ ተሳስቶ አያውቅም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ግን እያደር ከበደ። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ከታች ጥላ መጣ፣ በሦስት ቀን ውስጥም ያቺን ደብዛዛ ብርሃን ዋጣት። ወደ ሐኪሟ ለመሄድ ደግሞ አስቀድሞ ለሚስቱ አንድም ጣት እንዳልቆጠረ መናገር ነበረበት። ነገ እነግራታለሁ ሲል ወሩ አለቀ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ቀኝ ዓይኑን በጥጥና በፕላስተር አሸገችው። ባትሪ አብርታ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ስትጠይቀው ወደ ግራ ጠቆመ። ባትሪው በቀኝ ነበር። ጥላው መቼ እንደጀመረ ጠየቀችው፤ ሁለት ሳምንት እንደሆነው ነገራት።

«ያኔ ቢመጡ እንሞክር ነበር» አለች። «አሁን የማደርግልዎት የለም።»

ሚስቱ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ እሱ አፍሮ መሬት መሬቱን እያየ ስለ ጣቶቹ ቆጠራ ሊነግራት ጀመረ።

«አውቃለሁ» አለችው። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ዓይንህ በጣቶችህ መሃል ይታየኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ደስ ብሎህ ነበራ። ጥላውን እኮ አልነገርከኝም።»

እስከ ቤት ድረስ ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነበር፤ ከሁለት አንዳቸው አንድ ቃል ቢተነፍሱ ኖሮ።

በማግሥቱ ጠብታውን አደረገችለት፣ እንዳያመው ይቀጥል ተብሏልና። እሱም ከልማዱ ቀኝ ዓይኑን ሸፈነ፤ ዛሬ ጣቶቹን አጥብቆ ገጥሞ፣ ቀዳዳ ሳይተው። እዚያው ጨለማ ውስጥ ጥያቄዋን ጠበቀ። የሰማው ግን ወደ ማድ ቤት የሚሄድ ኮቴዋን ነው።