የእትዬ ስልክ እንቅልፍ

የሆስፒታሉ ሰው «እትዬ ስልክ» ይላታል። ዓይነ ስውር ናት። የስልክ ማገናኛው ሰሌዳ ፊት ተቀምጣ፣ ደዋዩ ገና «ሃሎ» ሲል ማን እንደሆነ ትለያለች። ችግሯ እንቅልፍ ነው። ጥቂት ሳምንት ደህና ትሰነብትና፣ ከዚያ ቀን ማንቀላፋት፣ ሌሊት ነቅቶ ማደር ይጀምራታል።

አለቃዋ «ደመወዝ የሚከፈልሽ ለእንቅልፍ አይደለም» አላት። «በሽታ ከሆነ እስከ ወሩ መጨረሻ ማስረጃ አምጪ። ካለዚያ ወንበሩን ልቀቂ።»

ታናሽ ወንድሟ የዚያው ሆስፒታል የእንቅልፍ ምርምር ክፍል የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። የክፍሉ ሐኪም እንቅልፏን ለመከታተል እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ የእጅ አንጓዋ ላይ አሠረችላት። የእሷ መዝገብ ከሌሎች በሽተኞች መዝገብ ጋር ተደርቦ ስለተከመረ፣ አንድ ኮምፒውተር ብቻውን ቢሠራው አለቃዋ የሰጣት ቀጠሮ ያልፋል። ወንድሟ ከየቢሮው የተጣሉትን ኮምፒውተሮች ለቃቅሞ፣ አቧራቸውን አራግፎ፣ በኬብል አገናኝቶ አብረው እንዲሠሩ አደረገ። ክፍፍሉ እንዲቀለው መዝገቡን አንድ አንድ ቀን አድርጎ ቆረጠና ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ቁራጭ ቁራጩን አደለ። ውጤቱ ከቀጠሮው ቀድሞ ደረሰ፤ «የተለየ ሥርዓት አልተገኘም» ይላል። ሐኪሟ ፈረመች። አለቃው አነበበ።

«ስንፍና ነዋ!» አለና አሰናበታት።

ወንድሟ ጠረጴዛውን ሲያጸዳ የእንቅልፏን የየቀን ሥዕል ወለሉ ላይ አንዱን ከአንዱ በታች ደረደረ። ደርድሮም ደርቆ ቀረ። እንቅልፏ በየቀኑ ትንሽ እየዘገየ እንደ ደረጃ ይወርዳል። ዓይኗ የማያየው ብርሃን ስለማያርመው የሰውነቷ ሰዓት ከእኛ ቀን ይረዝማል። ይህ የሚታየው ቀኖቹ አብረው ሲታዩ ብቻ ነው። ሥራውን እንደገና አከፋፈለ፤ አሁን ለአንድ ኮምፒውተር የአንድ ሰው ሙሉ መዝገብ። ሐኪሟ አዲስ ወረቀት ጻፈች፤ በሽታ ነው፣ በሰዓቱ በሚዋጥ ክኒን ይታከማል።

ወረቀቱን ይዞ ስልክ ክፍሉ ሮጦ ሲደርስ ሰሌዳው ተነቅሏል። ስልኩን የሚመልሰው የተቀዳ ድምፅ ነው።

«ወንበሩም የለ፣ ምን ላድርግህ?» አለው አለቃው።

ቤት ሲገባ እህቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ሁሉንም ነገራት።

«ኮምፒውተሮቹ ምን ነክቷቸው ነው?»

«እነሱ ምን ያድርጉ፣ እትዬ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እያንዳንዳቸው ያዩት አንድ ቀንሽን ብቻ ነው።»

«እንደ አለቃዬ በለኛ!» ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ከሰመ። «ታዲያ ሰነፍ አልነበርኩም?»

«አልነበርሽም።»

«እስቲ ወረቀቱን አንብብልኝ፣ ማሙዬ። ቀስ ብለህ።»

ቀስ ብሎ አነበበላት። ቀና ሲል አንገቷ ዘንበል ብሏል፤ ተኝታለች። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ነች። የሚቀሰቅሳት አለቃ የለም። መጋረጃውን ሊስብ ተነሣና፣ ለእሷ ምንም እንደማይለውጥ ትዝ ሲለው ተመልሶ ተቀመጠ።