የመስታወት ምስባኩ ማዕዘን

ለዲጂታል መታወቂያ አሻራ ልሰጥ የሄድኩ ቀን ማሽኑ የቀኝ እጄን ጠቋሚ ጣት አልቀበልም አለ። መዝጋቢዋ ልጅ እጄን ታጥቤ እንድመለስ ነገረችኝ። ታጥቤ ተመለስኩ፤ አሁንም እምቢ አለ። ምን ላድርግ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሐዋሳን መስኮቶች ማዕዘን ስጠርግ የኖርኩት በዚህ ጣት ነው። አሻራዬን የሚፈልግ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች መስኮት ላይ ይፈልገው አልኳት። ሳቀችና በሌሎቹ ጣቶቼ መዘገበችኝ።

ሥራዬ አልሙኒየምና መስታወት ነው። መስታወቱን ፍሬሙ ውስጥ ከገጠምን በኋላ ውሃ እንዳያስገባ ዙሪያውን ሲሊኮን እንጨምቅበታለን። ሲሊኮኑ የሚወጣበትን ሹል የፕላስቲክ ጫፍ እኛ አፍንጫ እንለዋለን። ከዕቃው ጋር አብሮ የሚመጣው አፍንጫ ለቀጥታ መስመር አይከፋም። ማዕዘን ላይ ሲደርስ ግን ወይ ያጠራቅማል ወይ ይዘላል። ያን ጊዜ ጣትህን የሳሙና ውሃ ውስጥ ነክረህ ትጠርጋለህ። ጣት ደግሞ ይደክማል፤ ከሰዓት በኋላ የተጠረገ ማዕዘን ከጠዋቱ ጋር አንድ አይደለም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ከሐይቁ በኩል ከነነፋሱ ይመጣና ያቺን የደከመች ማዕዘን ፈልጎ ያገኛታል።

አዲሱን አፍንጫ እንዴት አሰብከው ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ሐይቁን እያየሁ ስተክዝ ድንገት የመጣልኝ ቢሆን ደስ ይላቸዋል። የመጣልኝ ከንዴት ነው። አንድ የሆቴል ባለቤት በሐምሌ ጠርቶኝ በሐይቁ በኩል ውሃ የገባባቸውን ክፍሎች አንድ በአንድ እያዞረ፣ እንግዶቹ እየሰሙ እንደ ሰነፍ ተማሪ ገሠጸኝ። እውነቱን ነበር፤ ለዚህ ነው የተናደድኩት። ቤት ገብቼ ራት አልበላም አልኩና የሚስቴን የሻምፖ ክዳን አንስቼ በምላጭ መቁረጥ ጀመርኩ። ሚስቴ ሻምፖው ገና ግማሽ ነበር ትላለች፤ እስከ ዛሬ ትላለች።

ሰባት አበላሸሁ። ስምንተኛው ሠራ። ግራና ቀኝ ሁለት ክንፍ አለው፤ አንዱ መስታወቱ ላይ፣ ሌላው ፍሬሙ ላይ ያርፋል። ከኋላው ደግሞ ትንሽ ምላስ አለችው። ሲሊኮኑ ከፊት ይወጣል፣ ምላሷ እየተከተለች ትጠርገዋለች። ማዕዘን ላይ ስትደርስ ትታጠፋለች እንጂ አትዘልም። ጣት አያስፈልግም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን እሁድ ከመዝሙር በኋላ የምስክርነት ጊዜ አለ። ሥራ ያገኘ፣ ከሕመም የተነሣ፣ ልጁ ፈተና ያለፈለት ሰው ይወጣና ጌታ ያደረገለትን ይናገራል። የተደረገልህን ነገር አፍነህ መያዝ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ አፍንጫው በሠራ በሳምንቱ እኔም ወጣሁ። መናገር አልችልበትም፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብዬ ወሬው አለቀብኝ። ሰባኪው የሚቆምበት የመስታወት ምስባክ አጠገቤ ነበር፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ። ከታች አንዱ ማዕዘኑ መላቀቅ ጀምሯል። መጨመቂያውን ከነአፍንጫው በቦርሳ ይዤው ነበርና ተንበርክኬ ማዕዘኑን በሰው ሁሉ ፊት ዘጋሁት። ሰው አጨበጨበ። ካሜራ የሚይዘው ወንድም ቀርጾ በቤተ ክርስቲያኗ ቻናል ላይ ለቀቀው። በማግስቱ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ እናቴ ታመመች። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ እየሸጠች ያሳደገችን ሴት ናት። ገዢ ሲከባት ትልቁን ዓሣ ከጭራው አንጠልጥላ ከፍ ታደርገውና ትዞራለች። ለፊተኞቹ ብቻ ማሳየት ደስ አይላትም ነበር፤ ከኋላ የቆመውም እኮ ለመግዛት ነው የመጣው ትላለች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላት አረፈች። ለቀብር የሚሆን ፎቶ ስናጣ ከመታወቂያዋ ላይ አስነሥተን አሳደግነው፤ የተኮሳተረች ሌላ ሴት ነው የሚመስለው። ለብዙ ወራት ከታዘዝኩት ሥራ በቀር ምንም ነገር መንካት አልፈለግሁም። አፍንጫው መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

ከመሳቢያ ያስወጡኝ ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ የወጡ የቴክኒካል ድሮዊንግ መምህር ናቸው፤ ከሰሜን ለማስተማር መጥተው እዚሁ ቀሩ። ለለቅሶዬ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ የተቀመጡ ሰው ስለሆኑ መስኮታቸው ሲያፈስ አፍንጫውን ይዤ በነጻ ልሠራላቸው ሄድኩ። አፍንጫውን ሲያዩ ከእጄ ወሰዱት፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አገላበጡት። አስመዝግበኸዋል ወይ አሉኝ። ምን ብዬ አልኳቸው። ፓተንት የሚባል የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀት ሰምተህ አታውቅም ብለው ተቆጡ።

መሃል ከተማ የፕላስቲክ ዕቃ የሚያመርት ሰው አለ። እሱን ሳናግረው የፓተንት ወረቀቱን ካመጣህ ፕላስቲኩ የሚፈስበትን ቅርጽ ማውጫ እኔ አሠራለሁ፣ አብረን እንሠራለን አለኝ። ያለ ወረቀት ግን ለእኔም ለአንተም አይሆንም፣ ማንም ይገለብጠዋል አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወረቀቱን በጣም ፈለግሁት። ጉልበቴ መሰላል አልወጣም ካለ ቆይቷል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ መስታወት መግጠም ቀርቶልኝ መሬት ላይ ቆሜ መሥራት አማረኝ።

መምህሩ ሦስት ሳምንት ሣሉ። በየማታው እየጠሩ ያስለኩኛል፣ ስሳሳት ይገሥጹኛል። ምላሷን "ተጣጣፊ ጠራጊ ክፍል" ብለው ጻፏት፤ ምላስ ብንላትስ ብል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምንጽፈው አሉኝ። ማመልከቻው አዲስ አበባ የፓተንት መሥሪያ ቤት ገባ።

ከወራት በኋላ የመጀመሪያው ደብዳቤ መጣ። የምትመረምረው ባለሙያ ከውጭ አገር አንድ የቆየ አፍንጫ አግኝታ ሥዕሉን አያይዛለች። እንደኔው ክንፍ አለው። ደሜ ፈላ። ሰው የሻምፖ ክዳን ሲቆርጥ ያደረበትን ነገር ባሕር ማዶ ያለ ሰው ቀድሞኝ ሠርቶታል ስትለኝ ሰረቅህ ያለችኝ ያህል ተሰማኝ። መምህሩ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበቡት።

"ይቺ ልጅ ከአንተ ይልቅ ሥራህን በደንብ አይታዋለች" አሉኝ። "ክንፉን ተውላት። ያንተ ምላሷ ናት።"

እውነትም የውጭው አፍንጫ ምላስ አልነበረውም። ክንፉ የታወቀ መሆኑን አምነን፣ አዲሱ ነገር ከክንፉ ጋር ተገናኝታ ማዕዘን ላይ የምትታጠፈው ምላስ ናት ብለን መለስን። በልቤ ልጅቷን ማክበር ጀመርኩ። መስኮቴን እንዲህ አድርጎ የመረመረ ሰው አላውቅም፤ የሆቴሉ ባለቤት እንኳ።

አንድ ቀን ጠዋት ራሷ ደወለች። ድምጿ ለስለስ ያለ ነው፣ ትሕትና አላት። በአፍንጫው ምላስ ጉዳይ እንደረካችና አንድ ነገር ብቻ እንደቀራት ነገረችኝ። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ዕቃውን ለሕዝብ አሳይቼው እንደሆነ፣ ካሳየሁም የትና መቼ እንደሆነ ጽፌ ፈርሜ መላክ አለብኝ። ባለቤቱ ራሱ ያሳየው ከሆነ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይታለፋል አለችኝ፤ ከዚያ ካለፈ ግን አዲስ ሊባል አይችልም። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና በጣቴ ቆጠርኩ። ከምስክርነቱ እስከ ማመልከቻው አሥራ ስድስት ወር ነው።

ለመምህሩ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ስንት ሰው ነበር ብለው ጠየቁኝ። እሁድ ነበር አልኳቸው።

"ምን ላድርግ ብለህ እኔን አትጠይቀኝ" አሉኝ። "ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ። እኔም እንዲሳካ እፈልጋለሁ።"

ሲወጡ ከሸኘኋቸው በኋላ በቀጥታ ካሜራ ወደሚይዘው ወንድም ሄድኩ። ያን የምስክርነት ቪዲዮ ከቻናሉ ላይ አጥፋልኝ አልኩት። ለምን ሲለኝ ወፍሬ ታይቻለሁ አልኩ። ይህን ውሸት ያለ ምንም ችግር ነው የተናገርኩት፤ ራሴም ገርሞኛል። ካሜራ ያዡ ስቆ እሺ አለ፤ ከማጥፋቱ በፊት ግን ለራስህ ይኑርህ ብሎ በስልኬ ላከልኝ።

በማግስቱ የምሳ ሰዓት ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ከፈትኩት። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሬን ተናገርኩ፣ ተንበረከክሁ። ሲሊኮኑ መውጣት ሲጀምር ከካሜራው ግራ በኩል አንዲት ሴት በምርኩዟ ተደግፋ ስትነሣ አየሁ። እናቴ ናት። ያን ቀን መምጣቷን ረስቼው ነበር። መስመሩን ገና ሳልጨርስ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ቀና አልኩ፣ አፍንጫውን ለፊተኞቹ አሳየሁ። እሷ በአሞራ ገደል ድምጿ ተጣራች።

"ዞር በል እንጂ! ለኋለኞቹም አሳያቸው።"

ቪዲዮው ውስጥ ያለው ትልቅ ሰውዬ እንደ ልጅ ይታዘዛል። አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ይዞራል።

አለቀስኩ። ከሞተች ወዲህ ድምጿን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። የምትንቀሳቀስበት ሌላ ምስል የለንም፤ እኔ ደግሞ እሱን ነበር አጥፋልኝ ያልኩት። ማታ ለሚስቴ አሳየኋት። ደጋግማ አየችው፤ ስልኩን ስትመልስልኝ ዐይኗ ቀልቷል።

"እሷ እዚያ ቆማ ለማንም አላሳየሁም ብለህ ልትፈርም ነው?" አለችኝ።

ለካሜራ ያዡ ደውዬ እንዳያጠፋው ብለምነው ትናንትናውኑ አጥፍቶታል። መልሰው አልኩት። ወፍሬ ታየሁ ያልከው ነገርስ አለኝ። ወፍሬም ይሁን አልኩት። መለሰው፤ ቻናሉ ግን ዳግም የተለጠፈበትን ቀን ጻፈበት። የድሮው ቀን ጠፋ። ይህን ሳይ መዋሸት እንደማያስፈልገኝ፣ ቪዲዮውን ልኬ ስለ ድሮው ቀን ዝም ማለት ብቻ እንደሚበቃኝ ገባኝ። አልዋሻችሁም፤ አንድ ሙሉ ቀን ይህን ሳስብ ዋልኩ። ከዚያ ወረቀቱን ሞላሁ። የት ለሚለው ቤተ ክርስቲያናችን፣ መቼ ለሚለው ከማመልከቻው አሥራ ስድስት ወር በፊት ብዬ ፈርሜ፣ ቪዲዮውን ጨምሬ ላክሁ።

በሳምንቱ መርማሪዋ ደወለች። ወረቀቱን እንዳየችው ነገረችኝ። ቻናሉ ላይ ያለው ቀን የቅርብ መሆኑን አስተውላለች። ምናልባት ወሩን ተሳስተው ጽፈው እንደሆነ ብላ ጠየቀችኝ። በር እየከፈተችልኝ ይሁን ሥራዋን እየሠራች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሥራዋን ይመስለኛል።

"አልተሳሳትኩም" አልኳት። "በግራ በኩል በምርኩዝ የቆሙትን ሴትዮ አይተዋቸዋል?"

"እልል የሚሉትን? አዎ።"

"እናቴ ናት። ማመልከቻውን ስናስገባ ካረፈች አሥራ ሦስት ወር ሆኗት ነበር።"

 ነፍሳቸውን ይማር አለችኝ። አሜን አልኩ።

ማመልከቻው ውድቅ የሆነበት ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነበር። መምህሩ ጮክ ብለው አነበቡልኝና አጣጥፈው ከሥዕሎቻቸው ጋር በአንድ ክላሴር አስቀመጡት። የፕላስቲኩ ሰውዬ ነገሩን ሲሰማ በጣም አዘነልኝ፤ ብዙም ሳይቆይ አፍንጫውን ራሱ ማምረት ጀመረ። ከሻምፖ ክዳን ከተቆረጠው ይሻላል፤ አሁን እኔም ከእሱ ነው የምገዛው። ጉልበቴ ያው ነው። መሰላል እየወጣሁ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የከተማው መስታወት ገጣሚዎች የአፍንጫው ምላስ እየተጠመዘዘች አስቸገረችን ብለው ሱቄ ድረስ መጡ። በልቤ ትንሽ ተናደድኩ፤ ከእኔ ወስደው ለእኔ ስሞታ ያቀርባሉ። ቢሆንም አንድ የተረፈ ፍሬም አጋድሜ መስታወት ገጠምኩበትና ተንበርክኬ አሳየኋቸው። እጅን በጣም ማዘንበል አያስፈልግም፣ ክንፎቹ ይምሩት አልኳቸው። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ግማሾቹ በሩ ላይ ቆመው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ፍሬሙን አነሣሁትና ወደ እነሱ ዞርኩ።