አባትየውን ይዘህ ና

ይህ የደረሰብኝ በንጉሡ ዘመን፣ ሆሳዕና ውስጥ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ብዙ ዓመት ሆኖታል። ግን መስከረም በጠባ ቁጥር፣ እናትና አባት ልጆቻቸውን እየጎተቱ ለምዝገባ ሲመጡ ሳይ ትናንት የሆነ ይመስለኛል። ሰው የልጁ አባት መሆኑን በምስክር ያስረዳል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። እኔ ግን አስረድቻለሁ። ያውም ዋናው ምስክሬ፣ የገዛ አባቴ፣ «አላውቀውም» ብሎብኝ።

ነገሩ የተነሳው ከአንድ ደብዳቤ ነው። ባለቤቴ ማርታ በሚሲዮን ክሊኒክ ቁስል የምታክም ድሬሰር ነበረች። አብሯት ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ቤተሰቡን ይዞ ወደ ናይሮቢ ተዛውሯል። የእሱ ልጅ አና እና የእኛዋ ሩት እኩዮች ነበሩ፤ ሲለያዩ ሁለቱም ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም።

ሩት በሦስት ዓመቷ ልምሻ ግራ እግሯን ነክቷት ነበር። በስምንት ዓመቷ በምርኩዝ ደህና ትሄዳለች፤ መሮጥ ግን አታውቅም። ልጆቹ ሲሯሯጡ የሁሉንም ደብተርና ሹራብ ታቅፋ የምትጠብቀው እሷ ነበረች። እኔ ያንን በመስኮት እያየሁ ነበር ሒሳብ የማስተምረው።

ደብዳቤውን የጻፈችው አና ናት። «ከተማችን ትልቅ የመጫወቻ ቦታ መጥቷል። ሰው ይዞ ወደ ሰማይ የሚዞር መንኮራኩር አለ። ክብ እየዞሩ የሚሮጡ የእንጨት ፈረሶችም አሉ። ሩት ትምጣ። የሚሮጠው ፈረሱ ስለሆነ እግር አያስፈልግም» ይላል። ከሥሩ አባቷ ጨምሮበታል፦ በወሩ መጨረሻ ዓርብ የሚሲዮኑ ትንሽ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ባዶዋን ትመጣለች፣ ሰኞ ትመለሳለች፤ ሦስት መቀመጫ አላት፤ ቅዳሜና እሑድን ከእኛ ጋር አሳልፉ።

ሩት ያንን ደብዳቤ ደጋግማ አስነበበችኝ። «እግር አያስፈልግም» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቷን ታሳርፍበት ነበር።

«እንሄዳለን» አልኳት።

ማርታ ገላመጠችኝ። «ለልጅ ቃል ሲሰጥ ቀስ ይባላል።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብዬ ተረትኩባት።

«የወለድካትንማ ተዋት!» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ተረቱ ዞሮ እኔኑ እንደሚመታኝ አላወቅኩም።

ዝግጅቱ ሰፈር ሙሉ ሰማው። ማርታ ለሩት የሚሞቅ ሹራብ ሠራችላት፣ ቆሎ ቆላች፣ ምርኩዟን አናጢ ዘንድ ወስዳ አሳደሰች። ጎረቤቱ አንዱ ይመርቃል፣ ሌላው ይቀልዳል። «ፈረስ ፍለጋ ናይሮቢ? ሀዲያ ውስጥ ፈረስ አልቆ ነው?» ይሉኛል። እኔም «የእናንተ ፈረስ ይጥላል፣ የእነሱ አይጥልም» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ማለት የማይታሰብ ሆነ፤ ከተማው ሁሉ ቀኑን ቆጥሮልናል።

የቀረው ወረቀት ነበር። ፓስፖርቱን አዲስ አበባ የሚሲዮኑ ሰው ሊያስጨርስልን ተስማምቷል። ከእኛ የሚፈለገው ግን እኔ የልጅቱ አባት መሆኔ የተመሰከረበት ወረቀት ነው። ቀላል መስሎኝ እየዘፈንኩ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ።

ጸሐፊው ወረቀቶቼን አገላበጠ። «የልጅቱ ስም ሩት ሀንዲሶ። አንተስ ማነህ?»

«አንዳርጌ እርገጤ።»

«እንግዲያው አባትየውን ይዘህ ና። ልጁ ካገር እንድትወጣ መፍቀድ አለበት።»

«አባቷ እኔ ነኝ።»

«ሀንዲሶ ነህ?»

«አዎ።»

«አንዳርጌ አይደለህማ።»

«አንዳርጌም ነኝ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ወንድሜ፣ አንዱን ምረጥ» አለኝ።

ለማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። እናትና አባቴ ያወጡልኝ ስም ሀንዲሶ ነው፤ አባቴ ደግሞ ኤርሱሞ ይባላል። ትምህርት ቤት በገባሁ ቀን ግን መምህራችን «ሀንዲሶ» ሲባሉ «አንዳርጌ» ብለው መዘገቡኝ፣ «ኤርሱሞ»ን ደግሞ «እርገጤ» አደረጉት። ያኔ የብዙዎቻችን ነገር እንዲህ ነበር። ትምህርቴ፣ ደመወዜ፣ ሹመቴ ሁሉ በአንዳርጌ ሆነ። ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ሀንዲሶ ነኝ። ሩት ስትወለድ ክሊኒኩ የሚያውቀኝ በቤት ስሜ ስለሆነ ሩት ሀንዲሶ ብሎ ጻፋት። ሁለቱ ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይጣሉ በእኔ ውስጥ ኖረው በዚያች ቀን ተጣሉ።

ፍርድ ቤት አስረዳ ተባልኩ። አብረውኝ የተማሩ ሁለት ጓደኞቼን ይዤ ቀረብኩ። ዳኛው ስማቸውን ጠየቁ፤ እነሱም የዋህ ናቸው፣ ሁለት ሁለት ስማቸውን ተናገሩ። «ሁለት ስም ላለው ሰው ሁለት ስም ያለው ይመስክርለት?» ብለው ዳኛው መለሷቸው። «አባትህ በሕይወት አሉ?»

አሉ። አባቴ ከሀቢቾ ወዲያ ካለው መንደራችን በእግሩ መጣ። አማርኛ ስለማይችል አስተርጓሚ ቆመለት። ማል ሲባል «እኔ አልምልም፤ አዎን ካልኩ አዎን ነው» አለ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ቃሉ ብረት ነው። ዳኛውም ፈገግ ብለው አለፉለት።

«ይህን ሰው ያውቁታል?»

«ልጄ ነው።»

«ስሙ ማነው?»

«ሀንዲሶ።»

«አንዳርጌ እርገጤ የሚባለውንስ?»

 «አላውቀውም» አለ።

በሀዲይኛ «አባ፣ እኔ ነኝ እኮ!» አልኩ። ዳኛው ዝም በል አሉኝ። አባቴ ግን አስተርጓሚውን «እርገጤ ማነው?» ብሎ ጠየቀው።

አስተርጓሚው ሳያስብበት «የልጅህ አባት ነው» አለው።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ አልሳቀም። ዞሮ አየኝ። «ልጄ ሌላ አባት አለው?» አለ። አስተርጓሚው ይህንን ወደ አማርኛ አልመለሰውም።

ነገሩን ለአባቴ ነግሬው አላውቅም ነበር። የእኔ ስም መለወጡን ያውቃል፤ የእሱ መለወጡን ግን ደብቄዋለሁ። ውጭ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥን።

«ያንተን ሲለውጡ ለትምህርትህ ነው ብዬ ተውኩት» አለኝ። «የእኔን ሲለውጡ እዚያ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«አንዳርጌ እርገጤ ብለው ሲጠሩህ ምን አልክ?»

«‹አቤት› አልኩ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያች ሰዓት ናይሮቢም ፈረሱም ከሐሳቤ ወጥተው ነበር፤ መሬት ብትውጠኝ አልጠላም።

ዳኛው ማክሰኞ ዕለት ነው ይህን የሰሙት። «ስሙን የሰጠህን ሰው እስከ ቅዳሜ ካመጣህ እሰማለሁ» አሉኝ። ቅዳሜ ካለፈ ወረቀቱ አዲስ አበባ በጊዜው አይደርስም፣ አውሮፕላኗም ባዶዋን ትሄዳለች። ቤት ስገባ ሩት አዲሱን ሹራቧን ለብሳ ጠበቀችኝ። «አገኘኸው ወረቀቱን?» አለችኝ። «ቅዳሜ» አልኳት። ማርታ ቆሎውን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። «የናይሮቢውን ነው፤ ሌላ እቆላለሁ» አለች።

ስሙን የሰጡኝ መምህር ተሰማ ጡረታ ወጥተው ዱራሜ ይኖራሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ረቡዕ ጠዋት በጭነት መኪና ተሳፈርኩ። ክረምት ነው። አንጋጫን እንዳለፍን መኪናው ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዱ ገባ። ሾፌሩ «ነገ እናወጣዋለን» ሲል እኔ ጫማዬን አውልቄ በእግሬ ቀጠልኩ። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። በወደቅኩ ቁጥር «እግር አያስፈልግም» የሚለው ትዝ እያለኝ እበሳጫለሁ፤ ለእኔማ አስፈልጎኛል።

አመሻሽ ላይ በራቸውን አንኳኳሁ። ሸምግለዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አላወቁኝም።

«ማን ልበል?»

«አንዳርጌ እርገጤ ነኝ፣ ጋሼ። ስሙን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።»

እግሬን አስታጥበው፣ አብልተውኝ፣ የመጣሁበትን እስከ መጨረሻ ሰሙ። ከዚያ «የፊተኛው ማን ነበር?» አሉ።

«ሀንዲሶ። ሀንዲሶ ኤርሱሞ።»

ደገሙት፤ አንድም ፊደል ሳይስቱ። እንደገና ደገሙት። «ይኸው እችለዋለሁ እኮ» አሉ ለራሳቸው። «ያኔ ምን ከበደኝ?»

ባለቤታቸው «በዚህ ጉልበትዎ፣ በዚህ ጭቃ የት ሊሄዱ ነው!» ብለው ተቆጡ። መምህር ተሰማ ግን «በቅሎዋ በጠዋት ትጫን» አሉ። እንኳን ደጋግሜ ልለምን፣ አንዴም አላስለመኑኝ። ሐሙስና ዓርብን እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ ልጓም ይዤ ተጓዝን። ቁልቁለት ላይ ጉልበታቸውን ይዘው ሲያቃስቱ እሰማለሁ፤ «እንረፍ ጋሼ» ስላቸው «ቅዳሜ አያርፍም» ይሉኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ችሎት ገባን። አባቴም ሲጠብቅ ሰንብቷል። መምህር ተሰማ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«አንዳርጌ ያልኩት እኔ ነኝ። የአባቱንም ስም እኔ ነኝ የለወጥኩት። ሰውየው አንድ ነው» አሉ።

«ለምን ለወጡት?» አሉ ዳኛው።

«ጆሮዬ አልሰማም ብል ውሸት ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሳይደናቀፍ የሚያነበው መዝገብ ፈልጌ ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ምን ይለኛል? ‹አቤት› ይላል፤ አለ።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «አቶ ኤርሱሞ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

አስተርጓሚው ሊናገር አፉን ከፈተ። አባቴ እጁን ዘርግቶ አስቆመው። «ተው፤ ስሜን ሰምቻለሁ» አለ። ሄዶም የመምህሬን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

ወረቀቱ «አንዳርጌ እርገጤ የተባለው ሀንዲሶ ኤርሱሞ አንድ ሰው መሆኑ ተረጋግጧል» ይላል። ዛሬም አለኝ። በየትኛው ስም ፓስፖርት ይውጣልህ ስባል አልዘገየሁም።

በወሩ መጨረሻ ዓርብ ናይሮቢ አረፍን። ፓስፖርት የሚያየው መኮንን ከመስኮቱ ኋላ ስሜን አጣሞ ጠራ፤ «ሀንዲዞ ኤርዙሞ!» እንደ ማለት። ከወንበሬ ተነስቼ ባለ በሌለ ድምፄ «አቤት!» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ማርታ በሐፍረት አንገቷን ደፋች፣ ሩት ሳቀች።

በማግስቱ ሩት ነጭ የእንጨት ፈረስ ላይ ወጣች። ምርኩዟን እኔ ያዝኩ። ፈረሱ ሲዞር መጀመሪያ ፊቷ ፈዝዞ ነበር። በሁለተኛው ዙር «አባዬ፣ እየሮጥኩ ነው!» እያለች አለፈች። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም እንዲሁ። እኔ አላየኋትም ማለት እችላለሁ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

ይህን የምጽፈው ግን ለደስታዬ ብቻ አይደለም። ከዚያ መስከረም ወዲህ ተማሪ ስመዘግብ ስሙን ሁለት ጊዜ አስደግማለሁ፣ ከዚያ ለአባቱ አነብለታለሁ፤ «ትክክል ነው?» እላለሁ። ጡረታ እስክወጣ እንዲሁ አደረግሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ግን እኔም እንደ መምህሬ ነበርኩ። በገዛ ብዕሬ ስንቱን ለውጬ ስንቱን «አቤት» አስብያለሁ።

ባለፈው ከእነዚያ ልጆች አንዱ፣ ዛሬ ሽበት ያበቀለ ሰው፣ አንጋጫ ገበያ ላይ አቅፎ ሳመኝ። እኔ በሰጠሁት ስም ራሱን አስተዋወቀኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ አፌን ከፈትኩ፤ እናቱ ባወጣችለት ስም ልጠራው ነበር። ስሙን ግን ረስቼዋለሁ። ስለዚህ እንደ መምህር ተሰማ ጠየቅሁት፤ «የፊተኛው ማን ነበር?»

 ሰውየው ቀስ ብሎ ነገረኝ። ደገምኩት። እሱም፣ ያ ሽበታም ሰው፣ «አቤት» አለኝ።