ድንቄ ያላለችው

ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን ነግሬያለሁ። ሰው ማማቴን፣ የቀድሞ ባሌን መርገሜን ነግሬያለሁ። ይህን ግን እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ አልፌው እሄዳለሁ። እናቴ ሳትሰማው ሞተች። ወንድሜ ይጠረጥር ይሆናል፤ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ፊታችሁንም አላየውም።

የወንድሜ የታደሰ ሚስት ድንቄ ትባላለች። መስማትም መናገርም አትችልም። የሆለታ ገበሬ ልጅ ናት። በሕፃንነቷ ትኩሳት ታማ ስትድን ጆሮዋ አልዳነም። ትምህርት ቤት የላካት የለም፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚማሩትን የምልክት ቋንቋም ያኔ አታውቅም ነበር። ከእናቷ ጋር የፈጠሩት የራሳቸው የእጅ ንግግር ነበራት። እናቷ ስትሞት ያን ንግግር የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ከዚያ እኔ ተማርኩት።

ከባሌ ተፋትቼ፣ ልጅ ሳልወልድ፣ ሰበታ ወንድሜ ግቢ ያለችው ትንሽ ክፍል ገብቼ ነበር። ታደሰ ፋብሪካ ይውላል። እኔና ድንቄ ግቢው ውስጥ ብቻችንን እንውላለን። እሷ ጨው ስትል፣ ዝናብ ስትል፣ ራሴን አመመኝ ስትል እያየሁ ለመድኩት። ታደሰ እንኳ ከሚስቱ ጋር የሚነጋገረው ብዪ፣ ጠጪ፣ ነይ፣ ሂጂ ያህል ነበር። ከእኔ ጋር ግን ትቀልድ ነበር። ሰፈሩን ሁሉ በእጇ ታማልኝ ነበር። በሳቅ እንሞት ነበር።

ልጃቸው ሲፈን ተወልዳ ሌሊት ስታለቅስ ድንቄ አይሰማትም። የምሰማው እኔ ነኝ። ተነሥቼ እሄድና ድንቄን ትከሻዋን ነካ አድርጌ እቀሰቅሳታለሁ፤ ታጠባታለች። ልጅቷ ጡት ከተወች በኋላ ግን መቀስቀሱን ተውኩት። ራሴ አንስቼ ወደ ክፍሌ እወስዳታለሁ። ሲነጋ እመልሳታለሁ። ቆይቶ ደግሞ መመለሱንም ተውኩት። ሲፈን አፍ ስትፈታ የጠራችኝ በአገራችን ደንብ ነው፤ አዳዳ ብላ፣ የአባት እህት እንደምትጠራው። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። እማዬ ያለችኝ ያህል ነው የሰማሁት።

ሲፈን ገና መዋዕለ ሕፃናት ሳትገባ ታደሰ ሱሉልታ ሌላ ሴት ያዘ። የፍቺ ክስም መሠረተ። የቀበሌያችን የሴቶች ጉዳይ ሠራተኛ ይህን ሰምታ ቤት ድረስ መጣች። «ድሃ ለሆነች ሴት በነፃ የሚሟገቱ ጠበቆች አሉ። ቋንቋዋን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ይዘሻት ሂጂ» አለችኝ። ለድንቄ በእጄ ነገርኳት። ቀኑ ሲደርስ ነጭ ነጠላዋን አጥባ፣ ጫማዋን ወልውላ ጠበቀችኝ። እጄን ይዛኝ ነው የሄደችው።

ጠበቃዋ ወጣት ናት፤ ከተመረቀች የቆየች አትመስልም። ጠረጴዛዋ ጥግ ወንበር ስባ ከድንቄ ፊት ለፊት ተቀመጠች እንጂ ከእኔ ፊት ለፊት አልተቀመጠችም። ይህ ትዝ ይለኛል። ምኗ ነዎት ብላ ጠየቀችኝ። ጎረቤቷ ነኝ አልኩ። የመጀመሪያው ውሸት ይሄ ነው። ለምን ዋሸሁ? ገና ከቤት ስወጣ የማደርገውን አውቀው ነበር ማለት ነው? አሁን ሳስበው አውቀው ነበር።

ስለ ትዳሩ ጠየቀች፤ በትክክል ተረጎምኩ። ስለ ቤቱ ጠየቀች፤ በትክክል ተረጎምኩ። ከዚያ «ልጇን ማሳደግ የምትፈልገው እሷ ናት? አባትየው ልጅቷ ከእኔ ጋር ትሁን ብሏል» አለች።

ለድንቄ ነገርኳት። ድንቄ ጣቷን ጉንጯ ላይ አሳረፈች፤ የሲፈን ስም ነው ይሄ፣ ልጅቷ ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳል። ከዚያ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣበቀች። ከእኔ ጋር ማለት ነው። ደገመችው። እንባዋ መጣ። ማንም ሰው የሚረዳው ይመስላችኋል፤ ግን ደረቷን የያዘች የምታለቅስ ሴት ምን እያለች እንደሆነ ሌላ ሰው በምን ያውቃል? የሚያውቀው እኔ ነኝ።

እኔ «ልጅቷ ከአባቷ ዘንድ ትቅር፤ እኔ አልችልም ነው የምትለው» አልኩ።

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንዲህ ነው ያለችው? እያለቀሰች እኮ ነው።»

«ከብዷት ነው።»

«ደግመው ይጠይቋት።»

ወደ ድንቄ ዞርኩ። በእጄ የጠየቅኳት ግን ሌላ ነው። ሲፈንን ትወጃታለሽ? አልኳት። ድንቄ አዎ ስትል ራሷን ነቀነቀች፤ ደጋግማ፣ በኃይል። ጠበቃዋ ያን ንቅነቃ አየችና ጻፈች።

እኔ ነኝ ያደረግሁት። ማንም አላዘዘኝም። ታደሰ አላዘዘኝም። የድንቄን ቃል ከእጇ ተቀብዬ በመንገድ ላይ ጣልኩት፣ በቦታው የራሴን አስቀመጥኩ። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ነበረኝ፤ የጅማ መንገድ የጭነት መኪና ይበዛበታል፣ የማትሰማ እናት ልጅ ይዛ እንዴት ትሻገራለች አልኩ። ድንቄ ግን ልጅ ሳትወልድም ስትወልድም ያን መንገድ ስትሻገር ኖራለች። ምክንያቱ የውሸት ነበር። ልጅቷን ፈልጌያት ነው። ሌላ ምንም የለም።

የስምምነቱ ወረቀት ተዘጋጀ፤ ድንቄ አሻራዋን አኖረች። ማንበብ አትችልም፤ እኔን አየችኝ፣ እኔም እሺ አልኳት። ፍርድ ቤት ስንቀርብ ዳኛው ስምምነቱን በኦሮምኛ አነበቡና ተቃውሞ እንዳላት ጠየቁ። እኔ በእጄ «ዝም በይ፣ ጠበቃዋ ልጅሽን እየጠየቀችልሽ ነው» አልኳት። ዝም አለች። ጸደቀ።

ስንወጣ ትከሻዬን ሳመችኝ። ወደ ቤት ስንደርስ የሲፈንን ልብስ በአንሶላ መቋጠር ጀመረች፤ ቡራዩ የአጎቷ ልጅ ቤት ልትገባ አስባለች። እስኪያልቅ አየኋት። ከዚያ በእጄ «ዳኛው እምቢ አለ» አልኳት። እጇ ቋጠሮው ላይ ቀረ። አልጮኸችም። ሰው ሁሉ እምቢ ሲላት ነው ያደገችው፤ ዳኛ እምቢ ማለቱ ለምን ይገርማታል? ቋጠሮውን ፈታች፣ የልጅቷን ልብስ አንድ በአንድ አጣጥፋ መለሰችና የራሷን ይዛ ሄደች።

ታደሰ አዲሷን ሚስቱን ይዞ ሱሉልታ ኖረ። ሲፈንን አልወሰዳትም። ከእኔ ጋር ቀረች። እኔም የፈለግሁት ይሄንኑ ነበር። ድንቄ ቡራዩ ልብስ እያጠበች ትኖር ነበር፤ እሑድ እሑድ ስትመጣ ልጅቷን ብዙ አላቆይላትም። ሲፈን ከፍ ስትል «እናቴ ለምን ተወችኝ?» አለችኝ። «አልቻለችም» አልኳት። ከዚያ ሲፈን ድንቄ ስትመጣ ከክፍል አትወጣም ነበር። ድንቄም መምጣቷን ቀነሰች፤ በኋላም ቀረች።

አሁን በቅርቡ፣ ሲፈን አሥረኛ ክፍል ከገባች በኋላ፣ ድንቄ አንዲት ወጣት ሴት አስከትላ መጣች። ቡራዩ መስማት የተሳናቸው የሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን ገብታ የምልክት ቋንቋ ተምራለች፤ ወጣቷ አስተርጓሚዋ ናት። ድንቄ እጆቿ ፈጥነው ነበር፤ እኔ የማውቀው ንግግር አልነበረም። አስተርጓሚዋ «እህቴ፣ ያኔ ቋንቋ በሌለኝ ጊዜ ስለ እኔ የተናገርሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ ነው የምትለው» አለችኝ።

እኔ ቆሜ ሰማሁ። አሜን አልኩ።

ድንቄ ልጇን ለማግኘት እንደገና ጠበቃ ያዘች። አዲሱ ጠበቃ ሲያየው መዝገቡ እናትየው ፈቅዳ ነው የሰጠችው ይላል። ድንቄ ሰው ተሳስቶ የጻፈው መስሏታል። መጥቼ እንድመሰክርላት ለመነችኝ። ሄድኩ። ዳኛዋ አስማለችኝና «ያን ጊዜ ምን ነበር ያለችው?» አለችኝ።

«ልጄን ስጡኝ ነው ያለችው» አልኩ።

ትክክለኛው ቃል ከአፌ ሲወጣ ያኔ የመጀመሪያው ነው። ዳኛዋ «ታዲያ መዝገቡ ለምን እንዲህ ይላል?» አለች። እዚያ ላይ መናገር እችል ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እየጠበቀኝ ነበር። እኔ ግን «ጠበቃዋ ልጅ ነበረች፤ በደንብ ሳትሰማኝ ቀርታ ይሆናል» አልኩ። ደግመው ይጠይቋት ያለችኝን ልጅ ነው እንዲህ ያልኳት። አሁን የት እንዳለች አላውቅም። ስሟንም ረስቼዋለሁ።

ድንቄ ተፈረደላት። ሲፈን ቅዳሜና እሑድ ቡራዩ ትሄዳለች። የመጀመሪያውን ቀን እኔው አደረስኳት። ሁለቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ አንዷ የምትለውን ሌላዋ አትሰማም፣ አንዷ የምታሳየውን ሌላዋ አታውቅም። ድንቄ በድሮው የእጅ ንግግሯ የሆነ ነገር አለች። ሲፈን ወደ እኔ ዞረች።

«አዳዳ፣ ምን እያለች ነው?»

«ሌሊት ታለቅሺ እንደነበር አልሰማሁም፤ ይቅር በይኝ ነው የምትለው» አልኳት።

በትክክል ነው የተረጎምኩት። ያለችው እንዲሁ ነው። ድንቄ ናት ይቅርታ የጠየቀችው። ሲፈን እናቷን አላቀፈቻትም፤ ጥቂት ተጠጋቻት ብቻ። እኔ ባጃጅ ይዤ ወጣሁ፣ ከዚያ ሚኒባስ ይዤ ሰበታ ገባሁ። ቤቱን ጠረግሁ። አላለቀስኩም። ማልቀስ ነበረብኝ? ይህን ስነግራችሁም የሚሰማኝ ነገር የለም፤ እጁ እንደደነዘዘ ሰው ነው የምናገረው።

ልጅ አልወለድኩም ብዬ ምክንያት አላቀርብም። አሳድጌያታለሁ፣ አስተምሬያታለሁ አልልም፤ የሰረቁትን መንከባከብ ስርቆትነቱን አያስቀርም። ከእናንተም ይቅርታ አልለምንም፤ እናንተ ምን ቀማኋችሁ? ይቅር ማለት የምትችል አንዲት ሴት ናት። እሷ ደግሞ ይቅር የሚባል ነገር መኖሩን አታውቅም። የምታውቀው እኔ ከነገርኳት ነው። በመጪው ቅዳሜም ሲፈንን አደርሳለሁ፤ በሩ ላይ ድንቄ ትከሻዬን ትስመኛለች፤ እኔም እሳማለሁ።