የዓርብ ወተት

ልጄ በረንዳው ላይ ሆና የእንግሊዝኛ ትምህርቷን ጮክ ብላ ታጠናለች። «አይ ጎ፣ ዩ ጎ፣ ሂ ጎ» ስትል ከውስጥ ሆኜ ተቆጣሁ። ሂ ጎዝ ነው፤ የሚሄደው አንድ ሌላ ሰው ብቻውን ሲሆን ግሡ ጫፉ ላይ «ዝ» ይጨምራል። ቁጣዬ ከጥፋቷ እንደበለጠ አውቃለሁ። ያን ግሥ በሰማሁ ቁጥር የእርጥብ ደበሎ ሽታ ይመጣብኛል።

በጠላት ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ ነው። ቤታችን ከደብረ ወርቅ በታች ነበር። አባቴ እግሩን በጥይት የተመታ አንድ ወጣት መምህር ጭድ ቤታችን ውስጥ ያስታምም ነበር። መምህሩ ከወረራው በፊት አዲስ አበባ እንግሊዝኛ ተምሯል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የቆሎ ተማሪ ነበር። ስለዚህ አባቴ የበግ ቆዳ ደበሎ አለበሰውና ለጎረቤት ሁሉ፣ ለምኖ የሚማር ተማሪ ነው፣ ታሞብን ነው አለ።

ወረቀት መያዝ ያስገድል ስለነበር የሚያስተምረኝ በቃል ነበር። የእንግሊዝኛውን ግሥ ልክ እንደ ግእዝ ግሥ በዜማ ያስወርደኛል። እሱ ይጀምራል፣ እኔ እጨርሳለሁ። በጭዱ መካከል ሾልኮ የሚገባ ብርሃን ፊቱ ላይ ይርገበገብ ነበር። ንጉሡ ከእንግሊዞች ጋር ይመለሳሉ፣ ያን ቀን ከዚህ አገር የሚያናግራቸው ሰው አይጥፋ ይለኛል። ያ ሰው እኔ እንደምሆን አልተጠራጠርሁም።

አንድ ዓርብ ጠዋት ባንዶች መጡ። አለቃቸው ተማሪ ከሆንህ ግሥ አውርድ አለው። መምህሩ ግእዙን ሳይሳሳት አወረደ። አለቃው ራሱን እየነቀነቀ ሰማውና ሊወጣ ሲል ዓይኑ ከመደቡ ሥር ካለ ቅል ላይ አረፈ። እናቴ ደም የፈሰሰው ሰው አሳዝኗት ወተት ሰጥታው ኖሯል። አረፋው ገና አልጠፋም።

«እኔም ደበሎ ለብሼ በእንተ ስማ ለማርያም ብዬ ለምኛለሁ» አለ አለቃው ለአባቴ፣ ፈገግ ብሎ። «የቆሎ ተማሪ በዓርብ ይሞታል እንጂ ወተት አይጠጣም፣ ጌታው።»

አባቴ ታሞ ነው እያለ ለመነ። ደበሎውን ገልጠው ቁስሉን አዩ።

እያነከሰ ሲወስዱት ከአጥሩ በር ላይ ዞር አለ።

«አይ ጎ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሁልጊዜው እንድቀጥልለት።

እናቴ አፌን በእጇ ከደነችው። እጇ ወተት ወተት ይሸት ነበር።

እንግሊዞቹ የመጡ ቀን ደብረ ማርቆስ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። አንዱ ወታደር አነጋገረኝ። ከአፌ አንድ ቃል አልወጣም።

ልጆቼን ለደከመ እዘኑ እያልሁ አሳድጋለሁ። ይህን ታሪክ ግን እስካሁን አልነገርኋቸውም፤ ምን ትምህርት ውሰዱበት እንደምላቸው አላውቅም።

«ሂ ጎዝ» አለች ልጄ አሁን፣ ፈራ ተባ እያለች። «እንዲህ ነው አባዬ?»

«እንዲህ ነው» አልኋት። «አታቋርጪው። እስከ መጨረሻው በይው።»